የሚጠይቁ በሮች

በእኛ መንገድ ጠዋት የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ፀሐይ ከኒሙ ዛፍ ጫፍ ሳትደርስ በሮቹ ሁሉ ባንድ አፍ ይናገራሉ። «እንዴት አደርሽ?» ይላል አንዱ። «እንዴት አደርክ?» ይላል ሌላው። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ከገጠር የመጣች አክስት ድምፅ ይመስላል። ልጆቹ የትምህርት ቤት ልብሳቸውን እንደለበሱ ከበራቸው ፊት ቀጥ ብለው ይቆሙና «ደህና! አልሐምዱሊላህ!» «ደህና! እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላሉ። በሩ ፊታቸውን ያያል፣ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ከዚያ ከጉበኑ በላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ትሆናለች። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሲሆን ላየው ሰው፣ በድሬዳዋ አሸዋ ላይ ሣር የበቀለ ይመስላል።

እኔም እጠየቃለሁ። ዘመኑ የሚጠይቀው ገና የሚያድገውንና ብቻውን ያረጀውን ነው። መሃል ላይ ያለው ሥራ ስላለበት አይጠየቅም። «አባባ መንበሩ፣ እንዴት አደርክ?» ይለኛል በሬ። ድሬ አንቱ ማብዛት እንደማይወድ በሩም ያውቃል። «ደህና፣ ተመስገን» እለዋለሁ። ጉልበቴ እሳት ሲተፋ አድሯል፣ ዓይኔ አልተከደነም። ግን ምን ይባላል? እንዴት አደርክ ሲሉህ መልሱ ደህና ነው። እናቴ ያረፈች ዕለት ጠዋት እንኳ ጎረቤት እንዴት አደራችሁ ሲለን መጀመሪያ ደህና አልነው፤ ከዚያ ነው «እናታችን ግን ሞተች» ያልነው። እንዲህ ነው ያደግነው፣ ልጆቼ።

መብራቷን ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ልጅ ሲከፋው ወይም ጥላ የምትባለዋን ሲለጥፍ ለበሩ ይናገር፣ መብራቱ ብርቱካን ይሁን፣ ነርስ ትምጣ፣ አልጋ ይሰጠው፣ ጎረቤትም አይቶ እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ ይጠይቀው፤ ይኸው ነበር ሐሳባቸው። ድንኳን ሲተከል ሰው ለልቅሶ እንደሚሰበሰብ፣ መብራቷም ሲቀየር ይሰበሰባል ብለው ነበር። እግሩ የተሰበረ ልጅ ቢሆን አልተሳሳቱም፤ መንደሩ ሾርባ ይዞ ይጎርፋል። ከኋላ መንገድ ያለው የነሚኪያስ በር ብርቱካን የሆነ ዕለት ግን ሰው መንገዱን ቀየረ። ልጁ ታክሞ ዳነ። ቤተሰቡ ግን አንገቱን እንደደፋ ሰፈሩን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል ብርቱካን የበራበት በር የለም። እናቶች ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ያለማምዳሉ፤ «ፈገግ በል፤ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ ዓይንህን እንዳትሰብር» ይላሉ። ለልጃቸው ሚስት የሚጠይቁ ሽማግሌዎችም ከቤተሰቡ በፊት የሚያዩት መብራቷን ነው።

ጥላ የምላችሁ ከጆሮ ኋላ የምትለጠፍ ነገር ናት፤ የኒም ቅጠል ታክላለች። ስሟን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። በዚህ ሙቀት ጥላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስትለጠፍ ራስ ውስጥ ደመና ይገባል፣ ሐሳብ ሁሉ ይቀዘቅዛል ይላሉ። ስትነቀል ሰውነት ይንቀጠቀጣል። አንዷ አልበቃ ስትል ሌላ ይደርባሉ። የደረቡት ጥልቅ እንቅልፍ ይተኛሉ፤ ከእነሱም የማይነቃ አለ።

ወደ ባጃጄ ልመለስ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ፣ ፀጉሬ እስኪሸብት ባጃጅ ነድቻለሁ። አሁን መኪናው ሁሉ ራሱን ይነዳል፤ ሰው መሪ የሚይዝበት ነገር ከከተማው ከወጣ ቆየ። ሞተሯን ወሰዱት፣ አካሏን ተዉልኝ። ከኒሙ ሥር አቁሜያታለሁ። ሸራዋን አራግፋለሁ፣ ጎማዋን እነፋለሁ፣ ከፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ማዶ ያለው ጎረቤቴ ዑመር ባቡር (ዕድሜ ልኩን የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ነው እንዲህ የሚባለው) ባየኝ ቁጥር «አቦ መንበሩ! ሬሳ ታጥባለህ እንዴ? ቅበራት እንጂ!» ይለኛል።

«አንተን ከቀበርኩ በኋላ!» እለዋለሁ።

ሹፌርነት አንድ ነገር ያስተምራል። ሰው ከኋላ ተቀምጦ ማጅራትህን ብቻ ሲያይ ያወራል። ዞር ካልክበት ዝም ይላል። ስንት ሰው ከለገሃሬ ሳቢያን እስክንደርስ ለሚስቱ ያልነገረውን ነግሮኝ ወርዷል! እኔ መንገዱን ነው የማየው። መስማቴን የሚያውቁት በስፖኪዮው ውስጥ ቅንድቤ ሲንቀሳቀስ ነው።

ከጎኔ ካለው ቤት ዚነትና ልጇ ፈትያ ይኖራሉ። ፈትያ ከትንሽነቷ ጀምሮ ደንበኛዬ ናት። ሞተር ከሌላት ባጃጅ ከኋላ ትገባና «አባባ፣ ሥራ አለ?» ትላለች። «የት ልውሰድሽ?» እላለሁ። «ጅቡቲ!» ትላለች፤ ባሕር ማየት ነበር ምኞቷ። በአፌ ሞተር አስነሳለሁ፣ ጥሩምባ እነፋለሁ፣ ግመል ሲያቋርጥ እሳደባለሁ። ሲበቃት «ወራጅ አለ!» ትላለች፤ ዳር ይዤ አቆማለሁ። አድጋ አሥራ ስድስት ከሞላትም በኋላ አልተወችውም፤ ለቀልድ ብላ ትመጣ ነበር። አባቷ አብዱልሐኪም ከሞተ በኋላ ግን መምጣቷ ቀነሰ።

አንድ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ መጣችና ተቀመጠች። «ሥራ አለ?» አላለችም።

«የት ልውሰድሽ?» አልኳት።

«የትም። ዝም ብለህ ንዳ።»

መሪዬን ያዝኩ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሳ ዓይን ያወዛውዛል። በስፖኪዮው ሳያት ሻሿን አላልታ አንገቷን ታራግባለች። ከጆሮዋ ኋላ ሁለት ቅጠል ተደራርበው ተለጥፈዋል። አልዞርኩም። ስፖኪዮውን በጣቴ ገፋ አድርጌ ወደ ሰማይ መለስኩት።

«አየህ» አለች።

«መንገዱን ነው የማየው።»

«አባባ፣ አየህ።»

«አየሁ።»

ብትወርድም መብቷ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልወረደችም።

«አባዬ የሞተ ጊዜ» አለች «ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ትከሻዬን ይዞ አንድ ነገር ነው ያለኝ። በርቺ። እናትሽ አንቺን ነው የምታየው። እኔም በረታሁ። እማ ስታለቅስ ውኃ አመጣላታለሁ እንጂ አላለቅስም። ጠዋት በሩ ሲጠይቀኝ ፈገግ እላለሁ። በጣም ጎበዝ ነኝ፣ አባባ፤ ፈገግታ ላይ የሚደርስብኝ የለም። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ደረቴ አልተነፍስ ይለኝ ጀመር። አንድ ልጅ ጥላ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ቀን… ወላሂ፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ የተኛሁት ያን ቀን ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ያለሷ መነሳት አልችልም። ልተው ብዬ ሞክሬ ነበር፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሰሃን ሰበርኩ። እማ ‘ምነው ዛሬ?’ አለች። ሮጬ ሄጄ ለጠፍኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ትሆናለች። እኔ መሞት አልፈልግም፣ አባባ። ለማን እንደምለው ግን አላውቅም።»

«ለበሩ ብትነግሪውስ? ነርሷ እኮ የምትመጣው…»

«መብራቷስ? እማ መብራቷን ነው ይዛ ያለችው። አባዬ ሄደ፣ ብርቱካን ቢበራ ደግሞ ሰዉ ይሄዳል። እንዳትነግራት! ማልልኝ!»

«አልምልም» አልኳት፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ። «ካንቺ ቀድሜ ግን አልናገርም። አንቺም ሦስተኛዋን ልትለጥፊ ስታስቢ መጀመሪያ መጥተሽ እዚህ ተቀመጪ። ሌሊትም ቢሆን፣ ሸራውን ብቻ ነቅንቂው።»

ሻሿን መልሳ አጠበቀችና «ወራጅ አለ» አለች፣ በቀስታ።

በማግስቱ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሬ ወደ ልጆች ማገገሚያ ሄድኩ። ነርሷ ሲስተር ሐዊ ወጣት ናት፣ ከአርሲ የመጣች፤ አንቱ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ስታየኝ ዘላ ተነሳች።

«አባባ፣ ልጅ ይዘው መጡ?»

«ልጅስ አልያዝኩም። ጥያቄ ነው የያዝኩት።»

ፊቷ ላይ የወጣው ብርሃን ተመልሶ ገባ። ቤቱን አሳየችኝ። አልጋው በረድፍ ተነጥፏል፤ አንሶላው ነጭ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ዛፍ ያያል። ጥግ ላይ የዳማ ሰሌዳ አለ፤ ጠጠሮቹ ማንም ሳይነካቸው እንደተደረደሩ ናቸው። አልጋው ሁሉ ባዶ ነበር። በከተማው የስንት ልጅ ጆሮ ኋላ ጥላ ተለጥፎ፣ እዚህ ጸጥ ያለ ነጭ ክፍል።

«አንሶላውን እየቀየርኩ አጥባለሁ» አለች። «የተኛበት የለም፤ አቧራው ነው የሚያቆሽሸው።»

ስም ሳልጠራ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ተቀመጠች።

«ሄደሽ ማንኳኳት አይቻልም?»

«ልጁ ራሱ አፉን ከፍቶ ‘ደህና አይደለሁም’ ካላለ አይቻልም። በፊት እየጎተቱ፣ እያሰሩ ያክሙ ነበርና እንዳይደገም ብለው የደነገጉት ነው። ደግ ሕግ ነው፣ አባባ። ግን ይኸው።» ባዶውን አልጋ አሳየችኝ። «እንዴት አደርሽ ተብሎ ደህና አይደለሁም የሚል የአገራችን ልጅ ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ እናቴ ስትደውል ደህና ነው የምላት።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ልጅቷን ብቻዋን አይተዉአት» አለችኝ ስትሸኘኝ። «ባንዴ ነቅላ እንዳትጥለውም ይንገሯት፤ ሰውነት ይደነግጣል። እዚህ ቀስ እያደረግን ነው የምንቀንሰው፣ አጠገቧ ሰው እያለ። ተኝታ አልነቃ ካለች ግን መብራት የሚባል ነገር አይጠብቁ። በሩን ሰብረው ይጥሩኝ።»

ስመለስ ዚነትን ደጃፏ ላይ አገኘኋት። በርጩማ ላይ ቆማ መብራቷን በጨርቅ ትወለውላለች። ከባሏ ሞት ወዲህ ከስታለች፤ ቀን ልብስ ስትሰፋ ትውላለች።

«አየሃት አይደል እንዴት እንደምታበራ?» አለችኝ። «የኔ ፈትያ በር እኮ አንድ ቀን ብርቱካን አይቶ አያውቅም። አባቷ ባይኖርም።»

አፌ ድረስ መጣ። መልሼ ዋጥኩት፤ ካንቺ ቀድሜ አልናገርም ብያለኋ። ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ዘውድነሽ ካረፈች ወዲህ ያን አልጋ ግማሹን ብቻ ነው የምተኛበት። ልጅቷን ተናገሪ እላታለሁ፤ ማን ሲናገር አይታ? ከማን ተምራ? በዚህ መንገድ ላይ በዕድሜ የሚበልጠኝ የለም፤ እኔም በየማለዳው ደህና ነው የምለው።

ሲነጋ በሮቹ ተነሱ። «አባባ መንበሩ፣ እንዴት አደርክ?» አለኝ በሬ።

ልጆቹ ደጅ ላይ ናቸው። ፈትያም ከበሯ ፊት ቆማለች፣ ፈገግታዋን አዘጋጅታ።

«ደህና አይደለሁም» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደከበደኝ! በሩ ጥቂት ዝም አለ፤ ለእሱም አዲስ ሆነበት መሰለኝ። «እየሰማሁህ ነው» አለ።

«ዘውድነሽ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ራት ለሁለት ሰው እያበሰልኩ ግማሹን እደፋለሁ። ጉልበቴም ያመኛል። ሰው ናፍቆኛል። በቃ፣ ደህና አይደለሁም።»

ከራሴ በላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። እጄን ሳየው ብርቱካን ሆኗል።

አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ወደ ማዶ ተሻገረች። ከዚያ ዑመር ባቡር በውስጥ ሱሪው ወጥቶ ቆመ።

«አንተ ሽማግሌ! ያምሃል እንዴ?»

«አዎ! እሱን እኮ ነው የምለው!»

ፈትያ የራሷን መልስ ሳትሰጥ አፏን ከፍታ ታየኛለች። በሯ ሁለተኛ ጠየቃት። «ደህና» አለች፣ ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ። አረንጓዴ።

ብርቱካን መብራት ሥር ወጥቼ ባጃጄ ውስጥ ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው መንገድ ቢቀይርብኝ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ሲስተር ሐዊ ቦርሳዋን አንግታ በእግሯ መጣች። ቤት እንግባ አላለችም፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጠችና ሰው ሁሉ እያየ አወራን። ስለ ዘውድነሽ ጠየቀችኝ። በዚያ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አለቀስኩ። ከኋላዬ ሆና እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

እሷ ስትሄድ ዑመር ሱሪ ለብሶ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዞ መጣ። ከጎኔ ተጠግቶ ተቀመጠ።

«እኔም እኮ አልተኛም፣ አላህን» አለ ሻዩን እየቀዳ። «ለበሩ መዋሸት ለምዶብኝ ነው። ግን አንተ ቀድመህ ማስጠንቀቅ አልነበረብህም? በውስጥ ሱሪ አስወጣኸኝ።»

ወደ ማታ ዚነት መጣች። ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን፣ በላዩ ሌላ ሳህን ተደፍቶበት። መብራቷ ሥር ስትደርስ ቀና ብላ አየቻት፣ እግሯ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ አለፈች። ፈትያ ከበራቸው ላይ ሆና እናቷን ታያለች።

«ለእንዲህ ዓይነቱ ምን እንደሚባል አላውቅም፣ አባባ» አለች። «አላህ ይማርህ ይባላል?»

«ይባላል።»

«እንግዲያው አላህ ይማርህ።» ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ጨው አላበዛሁም።»

ጨው አብዝታ ነበር። እስከ ታች ጠጣሁት።

በማግስቱ ማለዳ ባጃጄ ውስጥ ነበርኩ፤ ስፖኪዮዬ ወደነበረበት ተመልሷል። በሮቹ ጠየቁ። «ደህና! ደህና!» አሉ ልጆቹ። «ፈትያ፣ እንዴት አደርሽ?» አለ የጎኔ በር።

በሩ ደገመ።

«ፈትያ፣ እንዴት አደርሽ?»

በስፖኪዮው አየኋት። ፈገግ ልትል ከንፈሯ ተነሳ፣ ወደቀ። ወደ እኔ ተመለከተች። ቅንድቤን አነሳሁ፤ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

«ደህና አይደለሁም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «አባዬ ናፍቆኛል። ጥላ እለጥፋለሁ። ማቆም አቃተኝ።»

ቀጭ አለ። ብርቱካን።

ዚነት ከውስጥ ሮጣ ወጣች። ልጇን ሳይሆን መጀመሪያ መብራቷን አየች። ሻርፗን ከትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ ተንጠራርታ መብራቷ ላይ ጣለችው። ብርሃኑ በጨርቁ አለፈ፤ ሻርፑ ራሱ ብርቱካን ሆኖ በራ።

«እማ» አለች ፈትያ። «አትሸፍኚኝ።»

ዚነት ባለችበት ቀረች። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሻርፑን አወረደችው፣ ልጇ ላይ ጠመጠመችው። በዚያ ሙቀት ልጅቷ ትንቀጠቀጥ ነበር።

«መቼ ነው ይሄ የሆነው? እኔ የት ሆኜ ነው?»

«እያለቀስሽ ነበር።»

እናትና ልጅ ደጃፋቸው ላይ ተቃቅፈው ቁጭ አሉ። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ዑመር ነው፤ ፔርሙሱን ይዞ ተሻገረ። ትናንት ወደ ማዶ የተሻገረችው ሴት ከበሯ ብቅ አለች፣ ተመልሳ ገባች። ትንሽ ቆይታ ወጣች፤ እጇ ላይ የተሸፈነ ሳህን አለ።

ፈትያ ዓይኗን ጠራርጋ ተነሳችና ወደ ኒሙ መጣች። ከኋላ ገባች። እናቷ ከጎኗ ተቀመጠች፤ በዚያች ባጃጅ የመጀመሪያዋ ነው።

«አባባ፣ ሥራ አለ?»

«የት ልውሰድሽ?»

«ደቻቱ ማዶ። ወደ ሲስተር።»

«ሞተር የላትም እኮ!» አለ ዑመር።

«አንተ ባቡር አይደለህ? ግፋ!»

«መግፋት የሚከለክል ሕግ አልሰማሁም» አለና እጅጌውን ጠቀለለ። የትምህርት ቤት ልጆች ቦርሳቸውን እንዳነገቱ ከኋላ ተደረደሩ። ጎማዋን ሁልጊዜ ስነፋ ሲስቁብኝ የነበሩት ናቸው። ተንቀሳቀሰች! መሪውን ያዝኩ፣ በአፌ ሞተር አስነሳሁ። ራሳቸውን የሚነዱት መኪኖች ምን እንደሆንን ስላላወቁ ቆመው አሳለፉን። በደረቁ ወንዝ ስንሻገር አሸዋው ጎማ ያዘ፣ ዑመር የባቡር ቤት ስድብ ሁሉ አወረደ፣ ከኋላዬ ትንሽ ሳቅ ሰማሁ።

«እንዴት ነሽ?» አልኳት በስፖኪዮው።

«እጄ ይንቀጠቀጣል። ያቅለሸልሸኛል። ፈርቻለሁ።»

«እሺ» አልኩ። እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ ብላችሁ አትታዘቡኝ።

ሲስተር ሐዊ በሩን በሰፊው ከፍታ ቆማለች። ከኋላዋ ያ ነጩ አልጋ፣ ያ መስኮት። አንድ ልጅ ልቀበል ብላ ይህን ሁሉ ሰው ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ወራጅ አለ» አለች ፈትያ።

ዳር ያዝኩ፣ አቆምኩ። በሹፌርነት ዘመኔ ሁሉ ያላደረግኩትን ያን ጊዜ አደረግኩ። ዞሬ አየኋት።